በክርስትና ስም፦ ከመስቀል ማግስት እስከ ጽጌ መባቻ በወሎ

እግዚአብሔር ዓለሙን እንደሚወድ ተጠራጥሬ አላውቅም። ገና በልጅነቴ በሰንበት ትምህርት ቤት በቃሌ ያጠናሁት የወንጌል ቃል «እግዚአብሔር ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና» የሚል ነበርና፣ ዓለሙ ሰፊ እንደ መሆኑ ፍቅሩም ሰፊ መሆኑ አልከበደኝም። የከበደኝ ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የጻፈው ነው፤ «በወደደኝና ስለ እኔ ራሱን በሰጠው» ይላል እንጂ «በወደደን» አይልም። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ስለ ጳውሎስ እንጂ ስለ እኔ የተነገረ አይመስለኝም ነበር።

በሥራዬ ምክንያት ብዙ አገር አይቻለሁ። በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ከየአቅጣጫው በመጣ ሕዝብ መካከል ቆሜአለሁ፤ በኢስታንቡል አያ ሶፍያ ገብቼ ጉልላቱን አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ አይቻለሁ፤ በኢየሩሳሌም በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ባለው ገዳማችን በዴር ሡልጣን ከመነኮሳቱ እጅ ጸበል ጸዲቅ ቀምሻለሁ። በእነዚህ ቦታዎች ያየሁት የሕዝብ ብዛት ግን እምነቴን ከማጽናት ይልቅ አንድ ጥያቄ አሳደረብኝ። የድንበሩ ሹም ፊቴን ሳያይ የፓስፖርቴን ቁጥር እንደሚያይ ሁሉ፣ ፈጣሪም ሕዝቡን በጅምላ እንጂ እያንዳንዱን ለይቶ የሚያይ አልመስል አለኝ።

በ2012 ዓ.ም. መስከረም ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወደ ወሎ የሄድሁት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍሁት ከተመለስሁ በኋላ፣ በየማታው በማስታወሻ ደብተሬ ከጫርሁት ተነሥቼ ነው።

መስከረም 18፣ እሑድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ

ለመስከረም 21 በዓል ግሸን ማርያም እንደምወጣ የሰማ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ከመነሣቴ በፊት በነበረው ሳምንት የክርስትና ስሙን እየሰጠኝ «በጸሎት አስቢኝ» ይለኝ ነበር። የክርስትና ስም እንደ ዓለም ስም በየመንገዱ የሚጠራ አይደለም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጥ፣ በጸሎትና በፍትሐት የሚነሣ፣ ለመተት እንዳይውል ተብሎም ከባዕድ የሚሸሸግ ስም ነው። ይህን መቀበል ከገንዘብ አደራ እንደሚከብድ ያን ጊዜ አላሰብሁትም። በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ 31 ስም ጻፍሁ።

ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግታ የምትሸጥ አንዲት የጉልት ነጋዴ አለች። የመስቀል ዕለት ማታ ለመንገድ ሎሚ ልገዛ ብቆም «ግሸን ልትሄጂ ነው አሉ» ብላ ከመቀነቷ 10 ብር ፈትታ ሰጠችኝና «ጧፍ አብሪልኝ፤ እኔንም አስቢኝ» አለችኝ። እሺ ብዬ ብሩን ተቀብዬ እየተጣደፍሁ ሄድሁ። ስሟን አልጠየቅኋትም። በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ትዝ ሲለኝ ከስሞቹ ግርጌ «የጉልቷ ሴት» ብዬ ጨመርሁ።

አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከመናኸሪያ ወጣ፤ በነፍስ ወከፍ 230 ብር ከፍለናል። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ እስክናልፍ ድረስ ጉም መስኮቱን ሸፍኖት ስለ ነበር ከአደይ አበባው በቀር ያየነው ነገር አልነበረም። ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ግን ጥምዝምዙ መንገድ፣ የገደሉ ጥልቀትና ከታች የተዘረጋው ቆላ በአንድ ጊዜ ተገለጠልን። ደብረ ሲና ላይ የ10 ብር የገብስ ቆሎ ገዝተን እስከ ሸዋ ሮቢት ቆረጠምን።

ከሸዋ ሮቢት አልፈን አጣዬ ሳንደርስ የአውቶቡሱ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም ነፋስ አልነበረውምና ረዳቱ በሌላ መኪና ወስዶ አስነፍቶት እስኪመለስ ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ቆየን። ከመንገዱ ዳር ካለች ጎጆ አንዲት ሴት ወጥታ ልጆቿን ውኃ አስይዛ ላከችልን፤ ቆይታም እሸት በቆሎ ጠብሳ በሰፌድ አመጣችልን። ገንዘብ ብንዘረጋላት «የመንገደኛ ገንዘብ አልቀበልም» አለችን። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ግን ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ማን ልበል?» ስትል ስሜን ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ሁለተኛ የማታየኝ ሴት ስሜን ምን ልታደርግበት ይሆን እያልሁ እስከ ከሚሴ ድረስ ሳስብ ሄድሁ።

ኮምቦልቻ ላይ ጀምበር ጠለቀች። የሐረጎን አቀበት በጨለማ ወጥተን ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ደሴ ደረስን።

መስከረም 19፣ ሰኞ። ደሴ

ያረፍነው በወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ እናት ቤት ነው። እርሳቸው ሙስሊም ስለ ሆኑ እኛ የእርሳቸውን ሥጋ እንደማንበላ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ዶሮዋን ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ሰጥተው አሳርደውና አሠርተው ወጡን ከነድስቱ በአጥራቸው በኩል ተቀበሉት። ይህን ያደረጉት እንደ ትልቅ ነገር ቆጥረውት አይደለም፤ ወሎ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ የሚደረገው ይኸው ነው። እኔ አዲስ አበባ በምኖርበት ሕንፃ ከበሬ ፊት ለፊት የሚኖሩትን ሰዎች የማውቃቸው በጫማቸው ነው።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሷን የማትጥል ከተማ ናት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ሠፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው «ደስታዬ» ሲሉ ደሴ እንዳሏት ይነገራል። ለጉዞው 60 ብር የሚያወጣ የላስቲክ ሸራና ጧፍ ከገዛን በኋላ በከተማይቱ ብዙ አልዞርንም፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ የያዘብን ቡናው ነው። በዚያ ቤት አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፤ ቶናውንና በረካውን ጠብቆ ምርቃቱን መቀበል ግድ ነው።

በበረካው ላይ እመቤቲቱ ስለ ትንሹ ልጃቸው ነገሩኝ። ከወሎ እንደ ወጡት እንደ ብዙዎቹ ወጣቶች በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄዷል፤ ድምፁን ከሰሙ 7 ወር አልፏቸዋል። «ማርያም ዘንድ ስትደርሺ የልጄን ስም ጥሪልኝ፤ የክርስትና ስም እንደሌለው ታውቂያለሽ» አሉኝ። ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ጻፍሁት። አንብቢልኝ አሉኝ፤ አነበብሁላቸው። እንደገና አስነበቡኝ። ለሦስተኛ ጊዜ በቃሌ ካስባሉኝ በኋላ «በይ አብሽሪ» አሉኝ፤ የሚበረታታው ሰው እኔ የሆንሁ ይመስል።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ። ወደ ግሸን

ከደሴ እስከ ግሸን ሥር በሚኒባስ 150 ብር ከፈልን፤ በሌላ ቀን ዋጋው ከዚህ ግማሽ እንደማይበልጥ ሾፌሩ ራሱ አልካደም። መንገዱ በአምባሰል ተራሮች ትከሻ ላይ የሚሄድ ጠጠር ነበር፤ ከፊት ያለው መኪና የሚያነሣው አቧራ የኋለኛውን ያለብሰው ነበር። መኪና ከሚቆምበት በላይ ያለው ጉዞ በእግር ነው። ተሳላሚው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሕፃን አዝሎ፣ በሽተኛ በቃሬዛ ይዞ ይወጣል።

ግሸን በአራት ማዕዘን እንደ መስቀል የተዘረጋ አምባ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ልጆች በዙፋን እንዳይጣሉ የሚታሰሩበት ቦታ ነበር፤ መውጫው ጠባብ፣ ዙሪያው ገደል ነውና። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ዐፄ ዳዊት ጌታችን የተሰቀለበትን ግማደ መስቀል ከግብፅ አስመጥተው በመንገድ ሲያርፉ፣ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ «መስቀሌን በመስቀል ላይ አስቀምጥ» የሚል ቃል በሕልም ሰምተው ቦታውን ለረጅም ጊዜ ሲፈልጉ ኖረው በመጨረሻ ይህን መስቀለኛ አምባ እንዳገኙት ይተረካል። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አቀበቱን ስወጣ ግን ያሰብሁት ስለ ነገሥታቱ ሳይሆን ስለ እስረኞቹ ነበር፤ እስር ቤት የነበረው ተራራ ሰው እስራቱን ሊያስፈታ የሚወጣበት ሆኗል።

ከአቀበቱ እኩሌታ ላይ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገነጠለ። ከበግ ጠባቂ ልጅ ላይ በ5 ብር ሲባጎ ገዝቼ ብጠፍረውም ብዙ አልሄደልኝም፤ በመጨረሻ አውልቄ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ከጎኔ ይወጡ የነበሩ አንዲት ባልቴት፣ እርሳቸው ፊቱንም ጫማ አልነበራቸውም፣ እሾህ ያለበትን ቦታ በምርኩዛቸው እያሳዩኝ እስከ በሩ አደረሱኝ።

ከላይ ማረፊያ የሚሆን ክፍል ቀርቶ ሸራ የሚዘረጋበት ቦታም በጭንቅ ተገኘ። በአዲስ አበባ ያን ጊዜ በ12 ብር እገዛው የነበረው አንድ ሊትር ውኃ ተራራው ላይ 25 ብር ነበር፤ በአህያና በሰው ጀርባ ስለሚወጣ አላማረርሁም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ያልጠበቅነው ዝናብ መጣ። ሸራችን ውኃ አቁሮ በአንድ ጊዜ በላያችን ፈሰሰ፤ ቦርሳዬን ስከፍት የስሙ ወረቀት ረጥቦ ነበር። ሰማያዊው ቀለም ተጨማልቆ ከ31ዱ ስም «ወለተ» እና «ገብረ» ከሚሉት ቁርጥራጮች በቀር የሚነበብ አልነበረም። እንደዚያ ሌሊት ያፈርሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሰዎቹ አምነው የሰጡኝን የተሸሸገ ስም በቦርሳ የውጭ ኪስ ይዤ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ወንድሜ ጧፍ አበራ። ከቤታችን በር ጀምረን ጎረቤቶቻችንን በየበሩ፣ ዘመዶቻችንን በየሰፈሩ እያሰብን አንድ በአንድ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍናቸው። ስሙን ለማስታወስ መጀመሪያ ፊቱን ማስታወስ ነበረብን፤ ፊቱን ስናስታውስ ደግሞ ያደረገልንን፣ የታመመበትን፣ ያለቀሰበትን ማስታወስ ግድ ሆነ። ወደ ሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ 31ዱም ሞሉ። የደሴው ልጅ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ በቃሌ ነበረ። የጠፋን ያቺው የጉልቷ ሴት ነበረች፤ እርሷንማ መጀመሪያም አልያዝናትም።

መስከረም 21፣ ረቡዕ። ግሸን

ሲነጋ አምባው ነጭ ነበር። የሕዝቡን ብዛት ለመገመት አልሞክርም፤ ነጠላ ከነጠላ ተያይዞ ሣሩ አይታይም ነበር። ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ እልልታው፣ ልጅ የጠፋባት እናት ጩኸት፣ የስእለት አቅራቢው ድምፅ ሁሉ በአንድ ላይ ይሰማል። ያ የቆየ ጥያቄዬ በዚህ ሕዝብ መካከል እንደገና ተነሣ፤ ከሮሙ አደባባይ ይልቅ እዚህ በረታብኝ ብል ሐሰት አይሆንም፤ ይህ የራሴ ሕዝብ ነውና።

ከቅጥሩ አጠገብ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስም እየተቀበሉ ይጸልያሉ። ከፊታችን ሰባት ስምንት ሰው ነበረ። ተራው የሚዘገየው ማንም «እነ እገሌ» ብሎ ማለፍ ስላልተፈቀደለት ነው፤ አባ እያንዳንዱን ስም ደግመው ካላሉት ወደሚቀጥለው አይሄዱም። አንድ ገበሬ የ14 ቤተሰብ ስም ቆጥሮ «በቃ ሌላው ሁሉ» ሲል «ሌላው ሁሉ ማን ነው?» ብለው አስቆሙት። ገበሬውም ጥቂት አስቦ አራት ጨመረ።

ተራዬ ሲደርስ ደብተሬን ከፍቼ አነበብሁ። የደሴው ልጅ ላይ ስደርስ የክርስትና ስም እንደሌለው፣ እናቱም ሙስሊም እንደ ሆኑ ነገርኋቸው። «እናቱ ያወጣችለትን ስም ንገሪኝ» አሉ። ነገርኋቸው፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ደገሙት። ከዚያ የጉልቷ ሴት ቀረች።

«የክርስትና ስሟ?»

«አላውቀውም አባ።»

«የዓለም ስሟስ?»

ያንንም አላውቅም ነበር። ልጆች እንዳሏት፣ የት እንደምታድር ጠየቁኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእጇ ሽንኩርት የገዛሁ ሰው አንዱንም መመለስ አልቻልሁም። አባ አልገሠጹኝም። በብሯ ጧፍ ገዝቼ አብርቼ እንደ ሆነ ብቻ ጠየቁ፤ በርቷል አልኋቸው። ያን ጊዜ መስቀላቸውን አንሥተው «ከመቀነቷ ፈትታ ዐሥር ብር የሰጠችህን ባሪያህን አስብ» አሉ። «የሰጠችህን» ነው ያሉት። ብሩን የተቀበልሁት እኔ ነበርሁ፤ እርሳቸው ግን በእኔ በኩል ወደ ማን እንዳለፈ ያውቃሉ።

ጨርሼ ልነሣ ስል «አንቺስ?» አሉኝ።

የራሴን ስም በወረቀቱ ላይ አልጻፍሁም ነበር። በመጀመሪያው ወረቀት ላይም፣ በሌሊት በተጻፈው ላይም የለም። የ33 ሰው ስም ተሸክሜ ተራራ የወጣሁት ሴት ራሴን ከሚጸለይላቸው ወገን መቁጠር አልመጣልኝም። የክርስትና ስሜን ስነግራቸው ድምፄ አልወጣ ብሎኝ አስደገሙኝ። አባም ጠሩት። ያን ስም ሴት አያቴ ከሞቱ ወዲህ ማንም ጠርቶት አያውቅም፤ እርሳቸው ሲመርቁኝ ብቻ ይጠሩት ነበር። በዚያ ሁሉ ከበሮና እልልታ መካከል አንድ ሽማግሌ በቀስታ ሲጠራው ስሰማ እግሬ አልጸና ብሎኝ እዚያው ድንጋዩ ሥር ተቀመጥሁ።

በነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ «በስምህም ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ» የሚለውን ብዙ ጊዜ አንብቤአለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ግን ይህን ቃል ሳነብ የሚታየኝ ከሩቅ፣ ከዙፋን ላይ የሚሰማ ታላቅ ድምፅ ነበር። ከኋላዬ ያለው ሰው እስኪጨርስልኝ እየጠበቀ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣ «ሌላው ሁሉ ማን ነው?» እያለ የሚጠራ አድርጌ አስቤው አላውቅም። የሕዝቡ ብዛት የሚያስጨንቀው እኔን ነው እንጂ እርሱን አይደለም፤ እኔ 31 ስም መያዝ አቅቶኝ በዝናብ ስላስበላሁ፣ የእርሱንም አያያዝ በራሴ ቦርሳ ለክቼው ኖሬአለሁ።

መስከረም 23፣ ዓርብ። ሐይቅ

ሐሙስ ዕለት ወርደን ደሴ አደርን። እመቤቲቱ ብዙ አልጠየቁኝም፤ «በትክክል ጠሩት? ከነአያቱ?» አሉኝ። ከነአያቱ አልኋቸው። አዲስ ጫማ በ450 ብር ገዝቼ በማግስቱ ወደ ሐይቅ ሄድን፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ መነኮሳትን ያሠለጠኑበት፣ መጻሕፍትን ያስጻፉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ተማሪ ሆነው የተቀመጡበት ቦታ ነው። ሴት ስለማትገባ ወንድሜ ብቻ ገባ። ይህ ሥርዓት እንደማያሳዝነኝ አድርጌ አልጽፍም፤ ከበሩ ውጪ ቀርቶ መጠበቅ ያሳዝናል። ብዙ ግን አልቆየሁም፤ በአቅራቢያው ካለው የሴቶች ገዳም አንዲት እማሆይ ወጥተው ስንዴ ወደሚለቅሙበት ጥላ ወሰዱኝ፤ እኔም ሰፌድ ተቀብዬ አብሬ ለቀምሁ። ዓርብ ስለ ነበር ሐይቁ የታወቀበትን ቆሮሶ የተባለ ዓሣ ትቼ በማሽላ እንጀራ ሽሮ በላሁ፤ የጤፍ ለለመደ አፍ ማሽላው ሻከር ይላል፣ ሆድ ላይ ግን ይቆያል።

እማሆይ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ እንደ ነበሩ ነገሩኝ። እናትና አባታቸውን በአንድ ሳምንት ቀብረው መጠለያ ገቡ። በመጠለያው እህል የሚታደለው በካርድ ቁጥር ነው፤ ቁጥራቸውን እስከ ዛሬ ያስታውሱታል። ከአገራቸው ሰዎች መካከል ግን አንድ ሽማግሌ ማታ ማታ በድንኳኖቹ መካከል እየዞሩ የመንደሩን ሰው በየስሙ ይጠሩ ነበር። የተጠራውም «አለሁ» ይላል። አንዳንድ ቀን የሚመልሰው ጎረቤት ነው፤ «የለም፣ ዛሬ ጠዋት» ይላል። «እኔ እርሳቸው ሲጠሩኝ አለሁ ለማለት ስል ነው የተረፍሁት» አሉኝና ወደ ስንዴያቸው ተመለሱ።

እግዚአብሔር አዳምን «ወዴት ነህ?» ብሎ የጠራበትን ቦታ ሁልጊዜ የማነበው እንደ ዳኛ ቃል ነበር። በዚያ ጥላ ሥር ተቀምጬ እንደ ሽማግሌው ድምፅ ሰማሁት።

መስከረም 25፣ እሑድ። ከወልድያ ወደ ላሊበላ

ወልድያ መናኸሪያ አንድ ደላላ 130 ብር የነበረውን ታሪፍ 200 ብር አስከፍሎን ተሰወረ፤ ወንድሜ ተናደደ፣ እኔ ደክሞኝ ተውሁት። ከዲልብ አቀበት በላይ ያለውን የቻይና መንገድ ይዘን ገሸና ስንደርስ ብርዱ ጋቢ ያስደርብ ነበር፤ ከዚያ ወደ ላሊበላ በሚታጠፈው መንገድ ላይ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። ማታ በ350 ብር አልጋ ይዘን ሳንበላ ተኛን።

መስከረም 26፣ ሰኞ። ላሊበላ

በዚህ ዕለት ዘመነ ጽጌ ይገባል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብፅ መሰደዷ እስከ ኅዳር 5 ድረስ የሚታሰብበት ወቅት ነው፤ ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም ላሊበላ ላይ ብዙ ሰው ይጾመዋል። ስንት ዓመት በአውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ሌሊት ሳድር፣ ጌታዬም በሰው አገር እንግዳ፣ በእናቱ እቅፍ ስደተኛ ሆኖ እንደ ነበር አስቤ አላውቅም። በዚያ ጠዋት ደግሞ የደሴው ልጅ ትዝ አለኝ።

ንጉሡ ሲወለዱ ንቦች ስለ ከበቧቸው ላሊበላ ተባሉ፤ የመንግሥት ስማቸው ደግሞ ገብረ መስቀል ነው። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ዞሬ ለማየት ቀኑ አልበቃኝም፤ ስለ እነርሱ ብዙ ስለ ተጻፈ እኔ አልደግመውም። የማልተወው በቤተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ያየሁትን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ተቆፍሮ በመስቀል ቅርጽ የተጠረበ ነው፤ በዙሪያው ካለው የጉድጓዱ ግድግዳ በአንዱ ዋሻ ውስጥ የጥንት ተሳላሚዎች አስከሬን ይታያል። ተረከዛቸው ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል። ዲያቆኑ ከሩቅ መጥተው እዚሁ ያረፉ መሆናቸውን ነገረን።

«ስማቸውስ?» አልሁት።

«የሚያውቅ የለም እኅቴ፤ በቅዳሴ ግን ይታሰባሉ» አለኝ።

አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሲያልፍ እኔ ከዚያ ዋሻ ፊት ብዙ ቆየሁ። ከሳምንት በፊት ቢሆን ይህ የመረሳት ምልክት በሆነብኝ ነበር። ያን ቀን ግን እነዚያን የደረቁ እግሮች ሳይ የታየኝ የእያንዳንዳቸው አቀበት፣ ሶሉ የተገነጠለ ጫማቸው፣ እቤታቸው ሆና «በጸሎት አስበኝ» ያለቻቸው ሴት ነበረች። እኛ የማናውቃቸውን የሚያውቅ አለ፤ ይህን በሙሉ ልቤ አምኛለሁ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ሰገድሁ፤ እኔንም እንደሚያውቀኝ እያወቅሁ።

መስከረም 29፣ ሐሙስ። አዲስ አበባ

የሁለት ቀን መልስ መንገድ ምንም አልነበረበትም። ሐሙስ ወደ ማታ ወደ መታጠፊያው ወረድሁ። የጉልቷ ሴት ሸራዋን ልታጥፍ ስትል ደረስሁና ከሽንኩርቱ መደብ አጠገብ ቁጢጥ አልሁ። የግሸንን ጧፍና ከአባ የተቀበልሁትን የሚቀባ እምነት ሰጠኋት፤ ተሳልማ ግንባሯን ቀባች። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኋትና «በክርስትና ስም ማን ልበል?» አልኋት።

ግራና ቀኝ አየች፤ ሰው አለመኖሩን አይታ በጆሮዬ ነገረችኝ። ደብተሬ ላይ በ33ኛው ቦታ፣ ከራሴ ስም በላይ ጻፍሁት። አንድ ኪሎ ሽንኩርት መዘነችልኝ፤ ምራቂ ሦስት ጨመረችና «አንቺንስ ማን ልበል?» አለችኝ።